ለመልሱ የወረደ ክብደት

ቤንዚን አልቆ፣ መኪናን ከቤት መብራት መሙላትም ከተከለከለ ወዲህ፣ የኔዋ ባለቤንዚንና ባለባትሪ መኪና የጣርማ በርን ዳገት የምትወጣው ቁልቁለቱን ስትወርድ ባጠራቀመችው ኃይል ብቻ ነው። ጭነቷ በከበደ ቁጥር ባትሪዋ ይሞላል። ሽቅብ ግን ከሦስት ሰው በላይ አትችልም።

ልጄን ያይኔአበባን ለመልስ ከነባሏ ከታች ከደብረ ሲና ላመጣ ስነሳ ዘጠኝ ዘመዶቼ መኪናዋን ወረሯት።

«እትዬ ዘርፌ፣ እርስዎ እንኳ ይቅሩ! መመለሻው በእግር ነው፤ ጉልበትዎን ያምዎታል» አልኳቸው።

«ዝም በል! ስትስቁበት የኖራችሁት ውፍረቴ ዛሬ ሙሽራ ያመጣል!» ብለው ፊት ወንበር ላይ ዘፍ አሉ።

«ቁልቁለት» የሚለውን ቁልፍ ስጫን መኪናዋ አቃሰተች፤ ዘጠኙም እልልታውን አቀለጡት። ታች ስንደርስ ባትሪው ጢም ብሏል። እነሱን አውርጄ፣ ሙሽሮቹን ጭኜ፣ «ቁጠባ» ላይ አድርጌ እየሳቅን ወጣን።

ቤት ስንገባ ዶሮ ወጡ ቀርቧል፣ ዳሱ ተጎዝጉዟል፤ ሰው ግን የለም። ያይኔአበባ ሳቋን አቆመች።

«አባዬ፣ ማን ሊመርቀን ነው?»

እጇን ይዤ ገደሉ አፋፍ ላይ አቆምኳት። ከታች፣ ከጠመዝማዛው መንገድ፣ የእትዬ ዘርፌ እልልታ በእግሩ እየመጣ ነበር።