የቀረችኝ ዓይን

አገጬ ማስደገፊያው ላይ ነው፤ ግንባሬ በቀበቶ ታስሯል። ባለሙያዋ በጠብታ ያደነዘዘቻት ዓይኔ ላይ ሌንስ ትለጥፍባታለች። ከእንግዲህ መርገብገብ እንኳ አልችልም።

"አይዞዎት አባባ፣ አያምም።"

"ሕመም ማን ፈራ?" እላታለሁ። ውሸቴን ነው፤ ያልፈራሁት ነገር የለም። አንዷ ዓይኔ ከጠፋች ቆይታለች፤ የቀረችኝ ይህቺው ናት። ከኋላዋ ያሉት ደም ሥሮች ያፈሳሉ። በየወሩ መርፌ ስወጋባት ከረምኩ፤ መርፌው ብቻውን አልበቃ ሲል ሐኪሙ ጨረር ይጨመርበት አለ። "ጨረሩ ቦታውን ቢስትስ?" ስለው፣ "ዓይንዎ ከተንቀሳቀሰ ማሽኑ ራሱ ይቆማል" አለኝ። እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነበርኩ። ራሱ ይቆማል የተባለ መኪና ስንቱን ገደል እንደከተተ አውቃለሁ።

"አባዬ፣ በርታ!" ትላለች ልጄ ከደጅ። በሩ ይዘጋል።

ባለሙያዋም ወጥታለች፤ ድምፅዋ አሁን ከግድግዳው ድምፅ ማጉያ ነው የሚመጣው። "ቀይዋን መብራት ይዩልኝ።"

አያታለሁ። ማሽኑ እዝዝ ማለት ይጀምርና ቀጥ ይላል።

"ዓይንዎ ወደ ጎን ሄደብኝ።"

"እያየኋት እኮ ነው!"

እንደገና ይጀምራል፤ እንደገና ይቆማል። ላብ በጀርባዬ ይወርዳል። ቀይ መብራት አይቶ መቆም የለመደው እኔ ነኝ እንጂ ማሽኑ ነው እንዴ? ብዬ ልቀልድ አስብና እተወዋለሁ።

"አሁንም ካልሆነ ሌላ ቀን ልንቀጥርዎ ነው፣ አባባ።"

ሌላ ቀን! ዓይኔ መካከል ላይ የሚታየኝ ጥቁር ነጥብ በየዕለቱ እየሰፋብኝ እኮ ነው። ሌላ ቀን ምን ይተርፈኛል?

ባለሙያዋ ሌላ ነገር ትጠይቀኛለች። "ልጅዎን ሲያዩ እንዴት ነው የሚያዩዋት?"

"እንዴት ነው ደግሞ? ፊቷን ለማየት ጆሮዋን አያለሁ። ቀጥታ ካየኋት ፊቷ ይጠፋብኛል።"

"እንደሱ ነዋ! መብራቷንም እንደዚያ በጎን እያዩ ነው፤ ማሽኑ የሚቆመውም ለዚህ ነው። እንግዲህ ለማየት አይሞክሩ። መብራቷ የምትጠፋብዎትን ቦታ ይዩልኝ።"

የቀረችኝን ዓይን እዚያ ወደማልፈልገው ቦታ እወስዳታለሁ። ስሸሸው የከረምኩት ጥቁር ነጥብ መብራቷን ዋጥ ያደርጋታል። ማሽኑ እዝዝ ብሎ ይነሳል።

እፈራለሁ። ዓይኔ ወደ ጎን ልሂድ ትላለች፤ መብራቷን ትፈልጋለች። እይዛታለሁ። ድምፁ አይቋረጥም፤ እኔም ምንም ወደማይታየኝ ቦታ ፍጥጥ ብዬ አያለሁ።