የሴቻ ዳገት

ሰኪና ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣው ዳገት መሐል ላይ ደክሟት ቆመች። ባሏ ሐቢብ ካረፈ ወዲህ ከጨርቅ ሱቋ ወንበር ብዙም ተነሥታ አታውቅም፤ ሰውነቷ ከብዶ፣ ስሙን እንኳ ማንሣት ትታ ነበር። ሐኪሙ ለስኳሯም ለድባቴዋም ጠዋት ጠዋት እንድትራመድ መክሯት፣ ልጇ ሸይማ እየለመነች ነው ያወጣቻት። ሚኒባስ አጠገባቸው ቆመና ረዳቱ፣ "ሴቻ ነው፣ ግቡ፣ ቦታ አለ" አለ። ሰኪና ወደ በሩ እጇን ዘረጋች።

"እማ፣ ዐረፍ ብለን እንቀጥል" አለች ሸይማ። "ጡንቻሽ ሲሠራ ከደምሽ ስኳሩን ይወስዳል። አእምሮም ስሜት የሚያቀል ነገር ያመነጫል ብሎሻል እኮ ሐኪሙ።"

"ሐዘን በላብ ይወጣል ብለሽ ነው?"

"አይወጣም። ትንሽ እንዲቀልሽ ብዬ ነው።"

ሰኪና ረዳቱን በእጇ አሰናበተችውና መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ልቧ ደረቷን ይደልቅ ነበር። ትንፋሿ እስኪመለስ ቁልቁል የአባያን ሐይቅ ስታይ ቆየች። ሸይማ ውሃ ልታቀብላት ስትጠጋ የእናቷን ዓይን እንባ ሞልቶት አገኘችው።

"አመመሽ እንዴ?"

"አላመመኝም። ሐቢብ አብረን ስንወጣ እዚህ ጋ ሲደርስ ይደክመው ነበር። እንዳላውቅበት፣ ጫማዬ ተፈታ ብሎ ጎንበስ ይል ነበር።"

ሸይማ ወሬው እንዳይቋረጥ ፈርታ ቀስ ብላ ጠየቀች። "አንቺስ ምን ትይው ነበር?"

"ምንም። ያላወቅሁ መስዬ፣ አስሮ እስኪጨርስ ቆሜ እጠብቀው ነበር" አለችና ሰኪና ሳቀች።