ሁለተኛው ሪሲቨር

የኬብሉን ላስቲክ በጥርሴ እልጣለሁ። እማዬ ሶፋው ላይ ሆና ታየኛለች።

«ጥርስሽ ሲረግፍ ማን ያገባሻል?»

«ዲሽ አስተካካይ። እሱ ፒንሳ አለው።»

አትስቅም። ድሮ ትስቅ ነበር። አባዬ ልብሱን ሰብስቦ ከጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤት ከገባ ወዲህ እዚህ ግቢ ውስጥ የምስቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ብቻዬን ስስቅ ደግሞ እብድ እመስላለሁ። ለምን እንደተኳረፉ ማንም አልነገረኝም። «እናትሽን ውሃ ሄዷል በያት።» «ሰምቻለሁ በይው።» መሃል ላይ ተላላኪዋ እኔ ዶርቃ ነኝ፣ ያለ ደሞዝ።

ዛሬ ጠዋት አባዬ አሮጌዋን ቲቪ ከቁም ሳጥን ላይ አውርዶ አቧራዋን እየጠረገ፣ «ዛሬም ኳስ ካላየሁ ጎፋ ብሩኬ ጋ እገባለሁ። እዚያ ቢያንስ ሰው ያወራል» አለኝ። ብሩኬ ወንድሙ ነው። ከመካኒሳ ጎፋ ሩቅ አይደለም፣ በታክሲ ነው። ግን ሰርቪስ ቤት ማለት ገና እቤት ማለት ነው። ጎፋ ከገባ እንደማይመለስ አውቃለሁ።

ስለዚህ ከጓደኛዬ ከናፍቆት አንድ ትርፍ ሪሲቨር ለምኜ አመጣሁ። ዲሻችን ላይ ያለችው ዓይን ባለ አንድ ቀዳዳ ናት፣ ሁለት ኬብል አትችልም። ከእማዬ ሪሲቨር ጀርባ ካለው መውጫ ኬብል ስቤ፣ በመስኮት አሳልፌ፣ በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ጠምጥሜ አባዬ ጋ አደረስኩት። አሁን የላጥኩትን ጫፍ እሰካና ወደ ግቢው እወጣለሁ።

«መጣ?» ብዬ እጮሃለሁ።

አባዬ አንዴ ያስላል። መጥቷል ማለት ነው። እማዬ ድምፁን እንዳትሰማ ቃል አያወጣም።

ገብቼ ሳየው የመጣው የእማዬ መዝሙር ነው። የኳሱን ቻናል ስነካ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል።

«ምንድን ነው?» ይላል በሹክሹክታ። ትልቁ ሻንጣ ዚፑ ተከፍቶ አልጋው ላይ ተቀምጧል።

«ቻናሎች ሁለት ወገን ናቸው አባ። ዲሹ በአንዴ አንዱን ወገን ብቻ ነው የሚያመጣው። የቱን እንደሚያመጣ የሚያዘው የፊተኛው ሪሲቨር ነው፣ የእማዬ። ያንተ ተከታይ ነው።»

«እዚህም ተከታይ ነኝ?» ይላል።

ሮጬ እማዬ ጋ እመለሳለሁ። «እማ፣ ቻናል ልቀይርብሽ ነው።»

«መዝሙሬን?»

«ዲሹን ለማስተካከል። ትንሽ ብቻ።»

ሪሞቱን ጭኗ ስር ትወሽቃለች። ከዚያ በመስኮቱ የሚወጣውን ኬብል በዓይኗ ትከተለዋለች፣ ማስጫውን አልፎ እስከ ሰርቪስ ቤቱ በር።

«ለሱ ነው?»

የተሰካውን ኬብል እንደገና አጠብቃለሁ።

ሪሞቱን አውጥታ ትሰጠኛለች። በኳሱ ወገን ካሉት ውስጥ የማይገዳደሉበት፣ የማይሳሳሙበት አንድ ብቻ አገኛለሁ፦ አንዲት ሴትዮ በአረብኛ እያወራች ምግብ ትሰራለች። እማዬ ከአረብኛ አንድ ቃል አትሰማም።

«ኳሱ እስኪያልቅ እንዳትነኪው። ከነካሽው ይጠፋበታል።»

«ምን ብዬ ነው የምነካው» ትላለች፤ ሪሞቱን ግን ተቀብላኝ እጇ የማይደርስበት ቦታ ታስቀምጠዋለች።

አባዬ ጋ ስደርስ ስክሪኑ አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆኗል። «የኔ ኢንጂነር!» ይለኛል፣ ድምፁን አውጥቶ። ሻንጣውን ወደ መሬት አውርዶ አልጋው ላይ ቦታ ይለቅልኛል። አጠገቡ ቁጭ እላለሁ። ደስ ሲለኝ ደግሞ አፌ አይዘጋም።

«እማዬን አመስግን። መዝሙሯን ትታልህ በአረብኛ ሽንኩርት ሲከተፍ እያየች ነው።»

ይስቃል ብዬ ነበር።

«ለኔ ብላ?»

«ከነካችው ይጠፋብሃላ!»

ወደ ስክሪኑ ይዞራል፣ ዓይኑ ግን ኳሷን አይከተልም። የሱ ቡድን ጎል ያገባል፤ አይጮህም። ለእረፍት ሲወጡ ተነስቶ ሻንጣውን ይዘጋል።

«አባ! ሁለተኛው አጋማሽ አለ እኮ!»

«አንቺ እይው።»

«ምን አጠፋሁ?»

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም። በገዛ ቤቴ ኳስ ተመጽውቼ አላይም።» ግንባሬን ይስመኛል። «ንገሪያት…» ይልና ይተወዋል። «ተዪው። አትንገሪያት።»

ሻንጣውን ይዞ ይወጣል፤ የግቢውን በር እንዳይንቋቋ ከስር ብድግ አድርጎ ነው የሚከፍተው። ከአስፋልቱ የታክሲ ረዳት «ጎፋ! ጎፋ! አንድ ሰው!» ሲል ይሰማኛል። ትንሽ ቆይቶ ያም ድምፅ ይጠፋል።

ወደ ውስጥ እገባለሁ። እማዬ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ ተቀምጣለች፣ ሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ።

«አለቀ?» ትለኛለች፣ ሳትዞር።

ኳሱ አላለቀም። ውሸት አይደለም።

«ገና ነው።»

«ማን እየመራ ነው?»

«የሱ ቡድን።»

ራሷን ትነቀንቃለች። ሴትዮዋ የድስቱን ክዳን ስታነሳ እንፋሎቱ ስክሪኑን ይሸፍነዋል። እማዬ ወደፊት ዘንበል ትላለች፣ ከስሩ ምን እንዳለ ለማየት።