ሁለት ሜትር ዚፕ

ሸራ ሰፊው ሁለተኛውን ስፖንጅ በብስክሌቱ ሰንሰለት በኩል ደርቦ በመዳፉ ጫን ያደርገዋል። አልበቃውም፤ ሦስተኛ ይጨምራል።

ጎረቤቱ ጫማ ሰፊ በሩን ተደግፎ ያየዋል። «ለብስክሌት ይህን ያህል ፍራሽ! አንተ ራስህ የምትተኛው በዚህ ግማሽ ላይ ነው እኮ።»

«የሚስቴ ነው።»

«እንግዲያማ አራትም ያንሳል» ብሎ እየሳቀ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ሸራ ሰፊው ለዚህ ሻንጣ ሲል ሁለት ቀን ሙሉ ደንበኛ ሲመልስ ሰንብቷል። ታጣፊውን ብስክሌት አጥፎ ወለሉ ላይ አስተኝቶ፣ መሪው የሚገፋበትን፣ ፔዳሉ የሚወጋበትን በጠመኔ አስምሯል። አራቱንም ማዕዘን ቆዳ አልብሷል። ከአሮጌ ድንኳን የፈታው ሁለት ሜትር ዚፕ ጠረጴዛው ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የቀረው እሱን መስፋት ብቻ ነው።

ሚስቱ ትገባለች። ነገ ጠዋት ወደ ሌላ አገር ትሄዳለች፤ እዚያ ካለ ሆስፒታል ጋር የተፈራረመችው ውል የሁለት ዓመት ነው።

«እጅህ ይባረክ» ትላለች ሸራውን እየዳበሰች። «አለቀ አይደል?»

«ዚፑ ቀረኝ። እስቲ እይው፣ ጥርሱ ብረት ነው። ስትመለሺም ያገለግልሻል።»

«ለሱ እንኳ አትልፋ። በመርፌ ዝጋው።»

ቀና ይላል። በዚህ ቤት ሄዶ የሚመለስ ዕቃ ዚፕ ይገባለታል። ሄዶ የሚቀር አፉ በመርፌ ይሰፋል፤ ተቀባዩ በምላጭ ተርትሮ ሸራውን ይጥለዋል። ደንበኛ ገና ከበር ሲገባ «የሚመለስ ነው የሚቀር?» ብላ የምትጠይቀው እሷ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ጠይቃለች።

«ታዲያ ስትመለሺ በምን ታመጪዋለሽ?»

«እዚያ ጨርቅ አይጠፋም።»

«እንደ ደንበኛ ልጠይቅሽ» ይላል። «የሚመለስ ነው የሚቀር?»

ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ታዛውራለች። ዚፑን ታያለች፤ እሱን አታየውም።

«አንተ ደግሞ» ትላለች ቀስ ብላ። «አሁን ይኼ ይጠየቃል?»

ዚፑን አንስቶ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። የጆንያውን መርፌ ያወጣል፤ ክሩን ለመሰካት ሦስት ጊዜ ይሞክራል። ብስክሌቱን ሻንጣው ውስጥ አስገብቶ ይንበረከካል።

ሳይጠራት መጥታ ከፊት ለፊቱ ትንበረከካለች። እንደ ወትሮው የሸራውን ሁለት አፍ ገጥማ ትይዝለታለች፤ ጣቶቿን ከመርፌው ፊት ፊት ትወስዳለች። አንድም ጊዜ አይወጋትም። ክሩን በሳበ ቁጥር፣ ማሰሩን የረሳው የብስክሌቱ ደወል ከውስጥ ቅጭል ይላል።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ክሩን አንድ ጊዜ ይቋጥራል። እሷ እንዳይላላ ቋጠሮው ላይ ጣቷን ታሳርፋለች። እሱ ሁለተኛውን በጣቷ ላይ አዙሮ ቀስ እያለ ያጠብቃል፣ ያጠብቃል፤ ልክ በሰዓቱ ጣቷን ታወጣለች።