የቀጠነችው ሚስት

ግርማቸው «ከጎንሽ ስቆም አፍራለሁ» እያለ ቢነዘንዛት ጥሩአየሁ ጨጓራዋን በቀዶ ጥገና አስቀነሰች። እግዜር ይስጠው፣ ቀጠነች። ከሦስት ጉርሻ ካለፈች ያስመልሳታል፤ ፀጉሯ ሳስቷል፤ የፊቷና የአንገቷ ቆዳ ተሸብሽቦ ተንጠልጥሏል፤ ደረጃ ስትወጣ ያዞራታል። ይሁን፣ ዋናው ቁንጅና ነው! ባሏም ደስ ብሎት ለመጀመሪያ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ግብዣ ላይ ይዟት ሄደ።

የአለቃው ሚስት በር ላይ ተቀበሏቸው። «እናትህን ይዘህ መምጣትህ እንዴት ደስ ይላል!»

ግርማቸው ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ባልደረቦቹ እየሰሙ ነው። ጉሮሮውን ጠረገና «አዎ፣ እናቴ ናት» አለ።

ጥሩአየሁ የሴትየዋን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«ልጄ ጨዋ ነው፣ የኔ እመቤት» አለች ጮክ ብላ። «እስቲ ደህና ልጅ ይፈልጉለት፤ ከዛሬ ጀምሮ ሚስት የለውም።»