በር ላይ የምትበራው መስመር

ሰው በዕድሜው አንዴ ብቻ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መለጠፍ የተፈቀደለት ዘመን ነው፤ የለጠፈው እስኪሞት ድረስ ቤቱ በር ላይ ይበራል። ስንዱ ያቺን አንዲት ዕድል ለበጎ ማዋልን ለወጣቶች ታስተምራለች።

ተማሪዋ ፈትለወርቅ በየክረምቱ ልጅ ስለሚወስደው ወንዝ ሦስት መስመር ለጠፈች። ሰፈሩ አካፋውን ይዞ ወጣ፤ ወንዙ ላይ ድልድይ ተሠራ። በምረቃው ስንዱ እጇ ቢያጨበጭብም አንጀቷ በቅናት አረረ። ጽሑፉን ያረመችላት እሷ አይደለችም እንዴ?

«ቲቸር፣ ያለ እርስዎ ምን እሆን ነበር! እስከ በርዎ ልሸኝዎት» አለች ፈትለወርቅ።

«አያስፈልግም፣ ከዚህ ተመለሺ።»

ብቻዋን በሯ ላይ ደረሰች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የለጠፈችው እንደበራ ነው፦ «የእህቴ የሰርግ ቀሚስ የኪራይ ነው!»

እህቷ ከዚያ ወዲህ ደጃፏን ረግጣ አታውቅም። ቀሚሱ ደግሞ የኪራይ አልነበረም።