ለዩኒቨርሲቲው የተላከ ሽማግሌ

ለመላው የካዛንቺስ ሕዝብ፣ በቅርብም በሩቅም ለተበተናችሁ የሰፈሩ ልጆች በሙሉ፦ ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፋኑኤል አረጋዊ የማስተርስ ማመልከቻውን የመጀመሪያ ቃል መጻፉን በታላቅ ደስታ እንገልጻለን። ቃሉ «እኔ» የሚል ነው። ወዲያው አጥፍቶታል።

ሪሐና ከአጠገቡ ሆና የሰው ውል ትተይባለች። ጽሕፈት ቤቱ የእሷ ነው፤ ሁለት ኮምፒዩተርና አንድ ፎቶኮፒ ማሽን ይዞ ከሰፈሩ ፈረሳ በአንድ ግንብ ያመለጠ ክፍል። አብረው የተማሩ ስለሆነ የተቀመጠበትን አታስከፍለውም። መሳቅ ግን አትከለከልም፤ ትስቃለች።

ማመልከቻው ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ዛሬ ካመለጠው የውጭው ስኮላርሺፕ እስከ መጪው ዓመት የለም፤ በመጪው ዓመት ስለመኖሩም የማለ የለም። ፋኑኤል የከተማ ፕላን መማር ይፈልጋል። ባምቢስ አካባቢ አማካሪ ድርጅት ውስጥ ሲሠራ የሰው ሕንፃ ለማወደስ ቃል አጥሮት አያውቅም ነበር። «ራስህን በአንድ ገጽ ግለጽ» ሲሉት ግን እናቱ ከኋላው የቆመች ይመስለዋል። እነሱ ቤት «እኔ ባይ» ከመባል ሌባ መባል ይሻላል።

ሪሐና እንዳይቸገር ብላ ያላትን ሰጠችው። ኮምፒዩተሯ ላይ አንድ የተዘጋጀ ጽሑፍ አለ፤ «ከልጅነቴ ጀምሮ ጥልቅ ፍቅር ነበረኝ» ብሎ ይጀምራል። አንዷ ለነርስነት፣ አንዱ ለሕግ፣ አንዱ ለዓሣ እርባታ ልከውታል። የሙያውን ስም መቀየር ብቻ ነው፣ በቃ። ሦስቱም ሄደዋል። ፋኑኤል አንብቦ መለሰላት፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ጥልቅ ፍቅር የነበረው ለኳስ ብቻ እንደሆነ ነገራት።

ይህን ሁሉ አግዳሚው ላይ ሆነው የሚሰሙት ጋሽ ዋቅጋሪ ናቸው። ሰፈሩ ሲፈርስ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፤ መታወቂያቸውን ኮፒ ለማድረግ ግን ዛሬም ሁለት ታክሲ ይዘው እዚህ ይመጣሉ። የጎተራ ፎቶኮፒ ይደበዝዛል ባይ ናቸው። በዘመናቸው እሳቸው በሽምግልና ሄደው የጠየቋት ልጅ ተከልክላ አታውቅም። ልጁ ምን እንደቸገረው ጠየቁ። ራሱን እንዲያመሰግን መታዘዙን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ሙሽራ ራሱ ሄዶ ልጅ ስጡኝ ይላል እንዴ?» አሉ። «ታዲያ ሽማግሌ ለምኑ ነው?»

ተነሡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ኮምፒዩተሩ ፊት ቆሙ።

ሪሐና ደንግጣ ወንበር ሳበችላቸው። የመጡበትን ጉዳይ ሳይናገሩ እንደማይቀመጡ ነገሯት። ነገሩ ገባት። ወንበሯን አዙራ፣ ሻርፗን አስተካክላ፣ የሴት ወገን ሆና ተሰየመች፤ ዩኒቨርሲቲው የሚጠይቀውን እያነበበች ልጃችሁ ምን ዓይነት ሰው ነው ትላለች፣ እሳቸው ይመልሳሉ።

ልጃችን ከጨዋ ቤት የወጣ ነው። ልጃችን ቤት ስናሠራ መስኮቱ በየት በኩል ቢሆን ፀሐይ እንደሚያገባ የነገረን ገና አሥረኛ ክፍል ሳለ ነው። ደምበል ጋ አንድ ጊዜ ተደባድቧል፤ ጥፋቱ የዚያኛው ነው። ፋኑኤል ድብድቡን ዘሎ ሌላውን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳል፤ «ልጃችን» ያሉትን ሁሉ «እኔ» እያለ። ጣቱ አይቆምም። ምስጋናው የሌላ ሰው ነው፤ እሱ ጸሐፊ ብቻ ነው። ገጹ ሞላ። ሲያነበው ሰውየውን ወደደው።

ከዚያ ሪሐና የመጨረሻው ሳጥን ላይ ደረሰች። ድምፅዋ ቀጠነ።

«ልጃችሁ ሥራውን ትቶ ከመንፈቅ በላይ ተቀምጧል። ምን ሲሠራ ነበር? ያብራራልን ይላሉ።»

የፋኑኤል ጣቶች ቆሙ። ከጠዋት ጀምሮ የሸሸው ይህን ሳጥን ነው። የሄደበት የሥራ ቃለ መጠይቅ ሁሉ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነበር።

ጋሽ ዋቅጋሪ ኮፍያቸውን በእጃቸው አዟዟሩ።

«ሰፈሩ ሲፈርስ እድራችንም አብሮ ተበተነ» አሉ። «ማን የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። ይሄ ልጅ ሥራውን ትቶ በየኮንዶሚኒየሙ ደረጃ እየወጣ በር ሲያንኳኳ ከረመ። ሁላችንንም አገኘን። ገበያነሽ ባለቤቴ ያረፈችው በዚያው ሰሞን ነው። ማንም በማያውቀኝ ግቢ እኔና ልጆቼ ብቻ የምንቀብራት መስሎኝ ነበር።» ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ። «ድንኳኑ ሞልቶ ነበር።»

ጉዳያቸውን ተናግረዋልና ተቀመጡ።

ሪሐና የሴት ወገን መሆኗን ረስታ ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። ሽማግሌው ግን ሥራቸውን አልረሱም። በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል ቤተሰብ እንደሌለ፣ እነዚህም ቀጠሮ ሰጥተው እንደሚያስጠብቁ፣ ልጁ ታዲያ እንዳይደነግጥ አስጠነቀቁ።

ፋኑኤል አልደነገጠም። ሳጥኑ ሙሉ አንቀጽ ይችላል። አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፈበትና እጁን አነሣ።

ሪሐና ተንጠራርታ አነበበች።

«‹ድንኳኑ ሞልቶ ነበር›? ፋኒ፣ ፈረንጆች እኮ ናቸው። ድንኳን ሲባሉ ሽርሽር የወጣህ ነው የሚመስላቸው። ማለቴ፣ ቦታ አለህ፤ ትንሽ አብራራላቸው።»

ፋኑኤል «ላክ» የሚለውን ተጫነ።

«አላብራራም» አለ።